ስለ ሰልፍና እርምጃ ለጠየቃችሁን

ስለ ሰልፍ ትምህርት ጥያቄ ያላችሁ እንድትልኩልን ባለፈው እትም ጋብዘን ነበር። ከመምህራን፣ ከወላጆች፣ ለጥበቃ ሥራ ከሚሠለጥኑ ወጣቶችና ታሪክ ከሚወዱ አንባቢዎች ደብዳቤ ደርሶናል። አብዛኛው ጥያቄ ስለ እግር ነው፤ መልሳችን ግን ደጋግሞ ወደ አዛዡ ድምፅ ይወስዳችኋል። ሜዳ ላይ እግር ሲዛባ ብዙ ጊዜ ትዕዛዙ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ወጥቷል ማለት ነው።

«ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ተማሪዎቹን ወደ ክፍል የማስገባው "ወደ ቀኝ ዙር" ብዬ ነው። ግማሹ ቀድሞኝ ይዞራል፤ ጥቂቱ ደግሞ ወደ ግራ ዞሮ ከጓደኛው ጋር ይፋጠጣል። ምን ላድርግ?» የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

መምህር፣ ልጆቹን ከማረምዎ በፊት ትዕዛዙን ለሁለት ይክፈሉት። «ወደ ቀኝ» ማዘጋጃ ነው፤ ሰውነት አይነቃነቅም፣ ምን እንደሚመጣ ግን ሁሉም ያውቃል። «ዙር» ማስፈጸሚያ ነው፤ እንቅስቃሴው የሚጀምረው እሷን ሲሰሙ ብቻ ነው። ሁለቱ ተያይዘው በአንድ ትንፋሽ ከወጡ ፈጣኑ ልጅ «ቀኝ» ላይ ይነሣል፣ ዘገምተኛው ደግሞ የጎረቤቱን ትከሻ አይቶ ይከተላል። እርስዎ የሚያዩት መዛባት ከዚህ የመጣ ነው።

በሁለቱ መካከል አንድ እርምጃ የሚያስኬድ ያህል ፋታ ይስጡ። የመጀመሪያውን ረገብና ሳብ አድርገው፣ ሁለተኛውን አጭርና ደረቅ አድርገው ይጥሩት። ድምፁ ከሆድ ይውጣ፤ ከጉሮሮ ከወጣ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ አይሰማም፣ እርስዎም በሳምንት ውስጥ ድምፅዎ ይዘጋል። ፋታውን ከልክ በላይ ማስረዘምም አይበጅም። ልጆች መጠበቅ ሲሰለቻቸው በግምት ይዞራሉ። «ተጠንቀቅ» ላይ የማዘጋጃ ቃል ስለሌለ መጀመሪያ የክፍሉን ስም ይጥሩ፦ «ሰባተኛ ቢ!» ከዚያ «ተጠንቀቅ!»

አዟዟሩን በቁጥር ያስተምሩ። መነሻው ተጠንቀቅ ነው፤ ተረከዝ ለተረከዝ ገጥሞ የእግር ጣቶች ወደ 45 ዲግሪ ተከፍተው፣ እጆች ከሱሪው ስፌት ጋር። «አንድ» ሲሉ የቀኝ እግር ጣቶችና የግራ እግር ተረከዝ በትንሹ ከመሬት ይነሣሉ፤ ልጁ በቀኝ ተረከዙና በግራ እግሩ የፊት መዳፍ ላይ 90 ዲግሪ ይዞራል። እዚያው ይቁምልዎት። ማን ወዴት እንደዞረ፣ የማን እጅ ከጎኑ እንደተላቀቀ በዚህች ቅጽበት ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ሁለት» ሲሉ ግራ እግር መጥቶ ከቀኙ ጋር ይገጥማል። ቁጥሩን የሚተዉት ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲያርፍ ነው።

አቅጣጫ ለሚስቱት ልጆች ቀኝና ግራን አያፈራርቁባቸው። መጀመሪያ ቀኝ ብቻ አሥር ጊዜ፣ ቀጥሎ ግራ ብቻ አሥር ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ቀላቅሉት። «ወደ ኋላ ዙር» ሁልጊዜ በቀኝ በኩል እንደሚዞር ከመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው። ይህ ሳይነገር ከታለፈ ግማሹ በግራ ይዞርና ክርን ለክርን ይጋጫሉ።

«አሠልጣኛችን አንዴ "ረድፍ አስተካክሉ"፣ አንዴ "ርቀት ጠብቁ" ይላል። ልዩነቱ አልገባኝም።» የጥበቃ ሠልጣኝ፣ አዳማ

ጎን ለጎን ትከሻ ለትከሻ የቆሙት አንድ ረድፍ ናቸው። አንዱ ከሌላው ኋላ ማጅራት እያየ የቆመው መስመር ደግሞ ዓምድ ይባል። ቃሉ ከክፍል ክፍል ሊለያይ ይችላል፤ ዋናው ሁለቱን አቅጣጫዎች አለማምታታት ነው። በረድፍ ውስጥ ባንተና በጎንህ ባለው ሰው መካከል ያለው ክፍተት ለብቻው ይለካል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክንድ ተዘርግቶ የጎረቤትን ትከሻ እስኪነካ ነው። በዓምድ ውስጥ ከፊትህ ካለው ሰው ጀርባ እስከ አንተ ደረት ያለው ርቀት ሌላ ነው፤ በአሜሪካ ጦር ደንብ 36 ኢንች ወይም 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። «ረድፍ አስተካክል» ስትባል ራስህን ወደ ተባለው ጎን አዙረህ ከጎረቤትህ ጋር በአንድ መስመር ትስተካከላለህ። «ርቀት ጠብቅ» ስትባል ዓይንህ ከፊትህ ካለው ሰው ማጅራት ላይ ይተከላል።

ይህችን ጨምረህ ያዝ፦ በሦስት ረድፍ ስትሰለፉ የሰው ቁጥር ለሦስት እኩል ካልተካፈለ ጉድለቱ በዳር አይተውም። በእንግሊዝና በካናዳ ሥርዓት ባዶው ቦታ ከግራ ጫፍ ሁለተኛው ዓምድ ላይ ይደረጋል፤ አንድ ሰው ከጎደለ የመካከለኛው ረድፍ፣ ሁለት ከጎደሉ የመካከለኛውና የኋላው። እንዲህ ሲሆን አራቱም ማዕዘን ሰው ይኖረዋል፣ ከሩቅ የሚያይ ሰውም ጉድለቱን አያይም።

«በትምህርት ቤታችን የስፖርት በዓል ስድስት ስድስት ሆነን ከማርሽ ባንድ ኋላ እንሄዳለን። ቀጥታው መንገድ ላይ ደኅና ነን፤ ኩርባ ላይ ረድፉ እንደ ቀስት ይጎብጣል። የኋላዎቹ ደግሞ ከፊተኞቹ ጋር እግራቸው አይገጥምም። ከበሮውን እየሰሙ ለምን ይሳሳታሉ?» የስፖርት ክበብ አስተባባሪ፣ ሐዋሳ

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ሁለቱም በስሌት ይገለጣሉ።

ኩርባውን እናስቀድም። ስድስት ሰው 60 ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ በአንድ ረድፍ ይሂድ፤ የመጨረሻው የውስጥ ሰው ከማዞሪያው ነጥብ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ረድፉ 90 ዲግሪ ሲዞር የውስጡ ሰው የሚሄደው 94 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የውጭው ሰው ግን 5 ሜትር ከ65 ይሄዳል። ስድስት እጥፍ ማለት ነው። የውጭው ሰው በልጅ እርምጃ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ብንል፣ ከዘጠኝ እስከ አሥር ጊዜ ይራመዳል። የውስጡ ሰው በዚያው ምት ያንኑ ያህል ጊዜ እግሩን ማንሣት አለበት፤ ስለዚህ እርምጃው በአሥር ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያጥራል። ረድፋችሁ የሚጎብጠው የውስጡ ልጅ እንደለመደው ስለሚራመድና ቀድሞ ስለሚወጣ ነው። አንዳንድ አሠልጣኝ የውጭውን ልጅ «ሩጥ» ይለዋል፤ እሱ ሲሮጥ ምቱ ይጠፋል፣ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይከተሉታል።

ሜዳ ላይ በኖራ ሩብ ክብ አሥምሩ። የውስጡ ልጅ በቦታው የሚረግጥ እስኪመስል እርምጃውን ያሳጥር፤ ግን ፈጽሞ አይቁም። የውጭው ሙሉ እርምጃውን ይዞ ይሂድ። መካከል ያሉት ጭንቅላታቸውን ሳያዞሩ በዓይናቸው ጠርዝ ትከሻ ለትከሻ መስተካከላቸውን ይጠብቁ። መጀመሪያ ያለ ከበሮ አንድ ረድፍ ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም። የሁለተኛው ረድፍ ልጆች የሚሳሳቱት መዞሪያው ሳይደርሱ ስለሚጀምሩ ነው፤ የፊተኛው ረድፍ የዞረበት ቦታ እስኪደርሱ ቀጥ ብለው ይሂዱ።

ወደ ከበሮው እንምጣ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በደቂቃ 120 እርምጃ የሚሄድ ሰልፍ እያንዳንዱን እርምጃ በግማሽ ሴኮንድ ይጨርሳል። ግማሽ ሴኮንድ ለድምፅ 170 ሜትር ነው። ስለዚህ ከባንዱ 170 ሜትር ኋላ ያለ ተማሪ የግራውን ምት ሲሰማ የፊተኞቹ ቀኛቸውን እየረገጡ ነው። እሱ በትክክል ሰምቷል፣ በትክክልም ረግጧል፤ ግን ከፊተኞቹ ፍጹም ተቃራኒ ሆኗል። 40 እና 50 ሜትር ላይ እንኳ መንሸራተቱ በዓይን ይታያል።

እናንተ ዘንድ የሚሠራው መፍትሔ ባንዱን ከፊት አንሥቶ ከሰልፉ መካከል ማስገባት ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። ያ ካልተቻለ ሁሉም የፊቱን ሰው እግር በዓይን እንዲከተል አስተምሩ፤ ብርሃን አይዘገይም። ከኋላ ሁለተኛ ከበሮ ካስገባችሁ ከበሮ መቺው በጆሮው አይመራ። ከፊት ያለው መሪ ዱላውን ወይም እጁን ከፍ አድርጎ ምቱን ያሳየው።

«ልጄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ጄአርኦቲሲ ገብታለች። ቤት ውስጥ ስትለማመድ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አብረው ይሄዳሉ። ልረዳት እፈልጋለሁ፤ ልኩንና ትዕዛዙን ግን አላውቀውም።» እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እመቤት፣ ጄአርኦቲሲ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ወታደራዊ ሥልጠና ነው፤ አስቀድመው የልጅዎ ክፍል የየትኛው ጦር እንደሆነ ይጠይቋት፤ ልኩ ይለያያል። በምድር ጦሩ ደንብ ሙሉ እርምጃ ከተረከዝ እስከ ተረከዝ 30 ኢንች ነው፤ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል። በደቂቃ 120 ጊዜ ይረገጣል፤ ይህ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ያስኬዳል። እጅ ወደ ፊት 9 ኢንች፣ ወደ ኋላ 6 ኢንች ይወዛወዛል። በአየር ኃይሉ ግን እርምጃው 24 ኢንች፣ የእጁ ውዝዋዜ ወደ ፊት 6 ወደ ኋላ 3 ኢንች ነው። የምድር ጦሩን ለምዳ አየር ኃይል ክፍል ውስጥ ብትገባ ከፊቷ ያለችውን ልጅ ተረከዝ ትረግጣለች።

ሳሎን ወለል ላይ በማጣበቂያ ፕላስተር በ30 ወይም በ24 ኢንች ርቀት መስመር ይለጥፉላት። ስልክ ላይ የሚገኝ የምት መቁጠሪያ 120 ላይ ያድርጉት። መጀመሪያ እጇን ጨርሳ ትርሳው፤ ከጎኗ አጣብቃ እግሯን ብቻ ትራመድ። «ግራ» የሚለውን ቃል ግራ እግሯ ሲያርፍ ራሷ ትበል። እግሯ ሳታስብበት መሄድ ሲጀምር እጇን ዝም ብላ ትልቀቀው፤ ሆን ብላ አታንቀሳቅሰው። ሰው ሲራመድ እጅና እግር በተፈጥሯቸው ተቃራኒ ይሄዳሉ። አብረው የሚሄዱት «እጄን እንዴት ላድርግ?» ብላ ስታስብ ብቻ ነው። ክርኗ ሳይቆለመም፣ ጣቶቿ እንደ ተጠንቀቅ ተጠቅልለው ይወዛወዙ። የ9 እና የ6 ኢንቹ ልክ መጨረሻ ላይ ይጨመራል።

የምትሰማቸውን ትዕዛዞች እንዲህ ያጥኗት። «ፎርዋርድ፣ ማርች» (ወደ ፊት ሂድ) ሲባል የሚጀመረው ሁልጊዜ በግራ እግር ነው። «ማርች» እስኪባል ክብደቷን ሳይታወቅ ወደ ቀኝ እግሯ ብታዛውር ግራው ፈጥኖ ይነሣል። እየሄደች «ራይት ፍላንክ፣ ማርች» (ወደ ቀኝ ዞረህ ሂድ) ሲባል «ማርች» የሚለው ቃል ቀኝ እግር መሬት ሲነካ ይወጣል። ከዚያ በግራዋ አንድ እርምጃ ትጨምራለች፣ በግራ እግሯ የፊት መዳፍ ዞራ ቀኟን በአዲሱ አቅጣጫ ትጥላለች። ለግራ ተቃራኒው ነው። ትዕዛዙ በተሳሳተ እግር ከወጣ የትኛዋም ልጅ ትደናበራለች፤ ስለዚህ እርስዎ ሲያዟት እግሯን እያዩ ይዘዟት። «ሆልት» (ቁም) በየትኛውም እግር ላይ ሊወጣ ይችላል፤ አንድ ትራመድና ኋላ የቀረውን እግር ታጋጥማለች። «ፓሬድ ሬስት» ማለት ግራ እግር 10 ኢንች ወደ ጎን ተከፍቶ ሁለቱ እጆች ከኋላ ቀበቶው ላይ ይደራረባሉ ማለት ነው፤ ቀኝ እጅ በግራ ላይ፣ መዳፍ ወደ ውጭ። ንግግር አይፈቀድም። «አት ኢዝ» ሲባል ቀኝ እግር ሳይነሣ ሰውነት መፍታታት ይቻላል፤ እዚያም ወሬ የለም።

ጄአርኦቲሲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1916 በወጣው የብሔራዊ መከላከያ ሕግ ነው። የሚማሩት ሥርዓት ግን ከዚያ ይቀድማል። ፕሩሳዊው ፍሪድሪክ ፎን ሽቶይበን እ.ኤ.አ. በ1778 በቫሊ ፎርጅ የጦር ሰፈር የጆርጅ ዋሽንግተንን ጦር ሲያሠለጥን መጀመሪያ አንድ ትንሽ አርአያ ክፍል ራሱ አሠለጠነ፤ እነዚያ ሌሎችን አስተማሩ። ልጅዎም ታናሿን ወይም ጓደኛዋን እንድታሠለጥን ያድርጉ። ቆማ ስታዝ የራሷን ስህተት በሌላ ሰው እግር ላይ ታየዋለች።

«ወንድሜ ለምረቃ ልምምድ ላይ ቆሞ ወደቀ። ታሞ ነው ወይስ ደክሞ?» ከባሕር ዳር

ምርመራ የሐኪም ነው፤ ደግሞ ከወደቀ ወይም የልብ ምት መዛባት ከተሰማው ይመርመር። በጤነኛ ወጣት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አቋቋሙ ነው። ባቶች ሲንቀሳቀሱ ደምን ወደ ላይ ይገፋሉ። ሰው ጉልበቱን ቆልፎ ድርቅ ብሎ ሲቆም ይህ ግፊት ይቆማል፤ ደም እግር ውስጥ ይጠራቀማል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ አንጎል ደም ያንሰዋል። ፀሐይ የደም ሥሮችን ስለምታሰፋ ታባብሰዋለች። ቁርስ አለመብላትና ውኃ አለመጠጣትም እንዲሁ።

ተጠንቀቅ ጉልበት መቆለፍ አይደለም። ጉልበት ቀጥ ይላል፣ ግን ልል ነው። ጫማ ውስጥ ጣቶችን ማፍታታት፣ ባትንና ጭንን ጠበቅ ለቀቅ ማድረግ፣ ክብደትን ከተረከዝ ወደ ፊት መዳፍ በጥቂቱ ማመላለስ ከውጭ አይታይም፤ ደምን ግን ይመልሳል። ማዛጋት፣ የጆሮ ጩኸት፣ ቀዝቃዛ ላብና የዓይን ብዥታ ማስጠንቀቂያ ናቸው። በዚህ ጊዜ በአንድ ጉልበት መንበርከክ ውርደት አይደለም፤ ጥርስንና አገጭን ያድናል። የወደቀውን ሰው ደግፋችሁ አታቁሙት። በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ የሕክምና እርዳታ ጥሩ። አዛዡንም እንናገረዋለን፦ ንግግር ሊረዝም ከሆነ «እረፍ» ብለህ አሳርፋቸው።

«ፊታውራሪ፣ ቀኝ አዝማች፣ ግራ አዝማች የሚሉት ማዕረጎች ከሰልፍ ጋር ግንኙነት አላቸው?» አንባቢ፣ ጎንደር

በቀጥታ። ማዕረግ ከመሆናቸው በፊት የጦር አሰላለፍ ቦታዎች ነበሩ። ፊታውራሪ ቀዳሚውን ጦር ይመራል፤ ቀኝ አዝማች የቀኙን ክንፍ፣ ግራ አዝማች የግራውን። ደጃዝማች መሐል፣ ከንጉሡ ደጅ ነው። ኋላውን የሚጠብቀው ደጀን ነው። ጦሩ ሲሰፍርም ይኸው አሰላለፍ በድንኳኖቹ ይደገማል፤ የንጉሡ ድንኳን መካከል ሲተከል እያንዳንዱ አዝማች ከእሱ አንጻር የት እንደሚሰፍር ያውቃል። ሌት የደረሰ ጦር እንኳ ማንንም ሳይጠይቅ ቦታውን ያገኛል። ይህን ያህል ሰው ያለ ጽሑፍ ትዕዛዝ ማንቀሳቀስ የተቻለው በዚህ ነው፤ ሊደነቅ የሚገባው ሥርዓት ነው።

ፊት መሆን ምን ያህል ከባድ እንደነበር ፊታውራሪ ገበየሁን ማየት ይበቃል፤ ኅዳር 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ተዋጉ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ወደቁ። ዘመናዊው በምት የሚረገጥ እርምጃ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ቤልጂጋውያን መኮንኖች የክቡር ዘበኛን አሠለጠኑ፤ ከጣልያን ወረራ በፊት ስዊድናውያን በሆለታ አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሐረር ጦር አካዳሚን ሕንዳውያን መኮንኖች ከፈቱ። ሕንዳውያኑ የያዙት የእንግሊዝ ሥርዓት ነበር። ስለዚህ የዘመናዊ ሰልፋችንን ምንጭ አንድ አገር ብቻ ማለት አይቻልም።

አጫጭር መልሶች

ጉልበት ሳይታጠፍ እግር ከፍ ብሎ የሚጣልበት የሩሲያና የቻይና ሰልፍ እርምጃ የመነጨው ከፕሩሲያ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን። ለልጆች አናስተምረው፤ ወገብና ጉልበት ይጎዳል።

ያለ ቆብ ሰላምታ መስጠት ይቻላል ወይ ላላችሁን፦ በእንግሊዝ ጦር ቆብ ያላደረገ ወታደር በእጅ ሰላምታ አይሰጥም፤ ተጠንቀቅ ብሎ ያከብራል። የእጁ መዳፍ በእንግሊዝ ምድር ጦር ወደ ፊት፣ በባሕር ኃይላቸው ወደ ታች ይሆናል።

ድልድይ ላይ እርምጃ ለምን እንደሚፈታ የጠየቃችሁን፦ እ.ኤ.አ. በ1831 በእንግሊዝ ማንቸስተር አቅራቢያ ያለው የብሮተን ተንጠልጣይ ድልድይ 74 ወታደሮች በምት ሲረግጡበት ተወዛወዘና ተደረመሰ፤ የተጎዱ ነበሩ፣ የሞተ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1850 በፈረንሳይ አንዤ በዐውሎ ነፋስ የተሻገሩት ወታደሮች ምቱን እንዲተዉ ቢታዘዙም ድልድዩ ሲወዛወዝ ሚዛን ለመጠበቅ ሳያውቁት አብረው ረገጡ፤ የበሰበሰው ሽቦ ተበጠሰ፣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚህ ምት ማስተው ብቻ አይበቃም። የገጠር ተንጠልጣይ ድልድይ ካጋጠማችሁ ዳርቻው ላይ አቁሙ፣ ጥቂት ጥቂት ሰው አራርቃችሁ አሻግሩ፣ የመጨረሻው ሰው ወዲያ ማዶ እስኪረግጥ «ግራ» ብላችሁ ምት አትጀምሩ።